የወንዝ ዳር ከለላ

የወንዝ ዳር ከለላ፦ በወንዝ ወይም በጅረት ግራና ቀኝ ሳይታረስ፣ ከብት ሳይሰማራበትና ቤት ሳይሠራበት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር እንደለበሰ እንዲቆይ የሚተው መሬት።

የውሃ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ «ሪፓሪያን በፈር» ይሉታል። «ሪፓ» በላቲን የወንዝ ዳር ማለት ነው። «በፈር ዞን» የሚለው አጠራር በእኛም መሥሪያ ቤቶች ተለምዷል፤ ወንዝ ዳር ለሚያርሰው ገበሬ ግን ምንም አይነግረውም። «አጥር» እንዳንለው ውሃ ያሳልፋል። «ከለላ» ከጉዳት የሚጋርድ ነውና ሥራውን በትክክል ይገልጻል።

ዝናብ ከማሳው አፈር፣ ፍግና ማዳበሪያ ጠርጎ ሲወርድ ሣሩና ቁጥቋጦው ጉልበቱን ያደክሙታል። የደከመ ጎርፍ አፈሩን እዚያው ያራግፋል፤ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ፎስፈረስም አብሮ ይቀራል። ወደ ውስጥ የሰረገውን ናይትሬት ሥሮች ይመጥጡታል፤ በረጠበው አፈር ያሉ ባክቴሪያዎችም ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። የዛፍ ሥር ደግሞ ዳርቻው እንዳይናድ ይይዘዋል። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጀርሞች በአፈር ቅንጣት ተጋርደው ከክሎሪን ሊያመልጡ ስለሚችሉ፣ አፈሩ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ለመጠጥ ውሃ ትልቅ ጉዳይ ነው። ቁልቁለቱ በበረታ ቁጥር ከለላው ሰፋ ማለት አለበት። ያም ሆኖ ቦይ ሠርቶ የሚወርድ ጎርፍና በቱቦ የሚለቀቅ ፍሳሽ አልፈውት ይሄዳሉ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የኒው ዮርክ ከተማ ናት፤ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው ከካትስኪል ተራሮችና ከደላዌር ወንዝ ተፋሰስ ነው። ይህ ውሃ በክሎሪንና በአልትራቫዮሌት ጨረር ይታከማል እንጂ በማጣሪያ ጣቢያ አያልፍም። ጣቢያ ይሠራ ቢባል ወጪው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነበር። ስለዚህ ከተማዋ በ1997 እ.ኤ.አ. ከተፋሰሱ የአካባቢ አስተዳደሮች ጋር ተስማማችና መሬት ለመሸጥ ፈቃደኛ ከሆኑት ብቻ፣ በገበያ ዋጋ መግዛት ያዘች። የወንዝ ዳር ማሳቸውን ለሚያሳርፉ ገበሬዎችም ክፍያ አለ።

አዲስ አበባም ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ትጠጣለች፤ ከግድቦቹ በላይ ማሳና ግጦሽ አለ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ እንደ ኒው ዮርክ ገዝቶ መከለል አይሆንልንም። ዳሩን ማረስ ለሚተው ገበሬ ግን ለቀረበት ምርት መክፈል፣ በከለላው ውስጥ የሚታጨድ ሣርና ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዲያለማ ማገዝ ይቻላል። መሬቱን የሚተወው ገበሬው ነው፤ ንጹሑን ውሃ የሚጠጣው ከተሜው። ያለ ካሳ የተወሰደ ዳርቻ በቀጣዩ ክረምት ተመልሶ ይታረሳል፤ ስለዚህ የከለላው ወጪ በከተማው የውሃ ሒሳብ ውስጥ ሊካተት ይገባል።