የኦርኪድ አበባ ክፍሎች ስያሜ፤ ከሥዕሉ መስመር ጫፍ የሚጻፉ ቃላት ታሪክ

የአንድ ኦርኪድ አበባ ሥዕል ቀርቦ ከየክፍሉ መስመር ሲሰመርና ከመስመሩ ጫፍ ስም ሲጻፍ፣ ሥራው የሠዓሊና የዕፀዋት ሊቅ ብቻ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ስም ስለ ክፍሉ ምንነት አንድ ፍርድ ያዘለ ነው፤ ፍርዱ ሲለወጥም ስሙ አብሮ ሲለወጥ ኖሯል። የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚረከበው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ይህን የፍርድ ታሪክ ጭምር ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ዋነኛው ምስክር ሊኔየስ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ይህ ስዊድናዊ ሊቅ ዛሬ ሦስት ሴፓልና ሁለት ፔታል የሚባሉትን የኦርኪድ ክፍሎች አምስቱንም ፔታል ብሎ ቈጠራቸው። ስድስተኛውን፣ ማለትም በመልኩም በመጠኑም ከሌሎቹ የሚለየውን፣ «ኔክታሪየም» አለው፤ የወለላ ማጠራቀሚያ ማለቱ ነው። ኋላ እንደ ተረጋገጠው ግን ይህ ክፍል መልኩን የለወጠ ሦስተኛ ፔታል ነው። ብዙ ኦርኪዶች ደግሞ ጭራሹን ወለላ የላቸውም፤ ነፍሳትን የሚስቡት በማታለል ነው። ተግባርን መሠረት ያደረገ ስም ተግባሩ ሳይገኝ ሲቀር ባዶውን ይቀራል። «ላቤለም» የሚለው ስም የጸናው መልክን ብቻ ስለሚናገር ነው፤ በላቲን ትንሽ ከንፈር ማለት ነውና።

የሌሎቹ ስሞች አወጣጥም ለቃላት ፈጣሪዎች ትምህርት አለው። «ፔታል» ከግሪክኛው የቅጠል ስም የመጣ ነው። «ሴፓል»ን በ1790 የፈጠረው ኔከር ሲሆን፣ መሸፈኛ የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ቃል በፔታል አምሳል ቀርጾ ነው። በ1827 ደግሞ ደ ካንዶል ሁለቱ በማይለዩበት አበባ ለሁለቱም የሚሆን ስም ሲፈልግ ፊደላቱን አገላብጦ «ቴፓል» አለ። ቋንቋችን ቃል በመፍጠር ሰው ሠራሽ ሆነ ተብሎ በሚነቀፍበት ጊዜ ይህን ማስታወስ ይገባል።

ዳርዊን በ1862 ስለ ኦርኪዶች መራባት ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው ሥዕል የኦርኪስ ማስኩላ አበባ ነው። በሥዕሉ ላይ ሙሉ ቃላት አልተጻፉም፤ ነጠላ ፊደላት ተደርገው ፍቺያቸው ለብቻው ተሰጥቷል። ፊደላቱም የየቃሉ መነሻዎች ናቸው። የሚያስደንቀው፣ ዳርዊን በዚህ አበባ የቀንድ ቅርጽ ባለው ከረጢት ውስጥ ወለላ ፈልጎ ሲያጣም፣ በሥዕሉ ላይ የሰጠው ፊደል የወለላ ማጠራቀሚያን የሚያመለክተውን መሆኑ ነው። የሊኔየስ ቃል ቦታውን ለውጦ፣ ስሕተቱን ግን ይዞ ተሻገረ ማለት ይቻላል።

የፊደል አሠራሩ ወደ አማርኛ ሲዛወር ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ በተራ ቢሄዱ ሀ እና ሐ ለዓይን ሁለት፣ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ መምህሩ ሥዕሉን ጮክ ብሎ ሲያነብ ተማሪው የትኛው ክፍል እንደ ተጠራ አያውቅም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የቃሉን መነሻ መውሰድ ይሻላል፤ ለከንፈር ከ፣ ለምንቃር ም ቢባል ፊደሉ ራሱ ያስታውሳል።

«ከንፈር» ስል «ላቤለም»ን ነው። ላቲን ስምን በቀላሉ ያሳንሳል፤ ላቤለም፣ ሮስቴለም፣ ኮሮላ ሁሉም የተናነሱ ቃላት ናቸው። አማርኛ ይህን አይወድም። «ንዑስ ከንፈር» ቢባል አንባቢ ዐቢዩን ከንፈር መፈለጉ አይቀርም። «የታች ከንፈር» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። ምክንያቱም ብዙው ኦርኪድ ከመፈንዳቱ በፊት ከንፈሩ ከላይ ነው፤ የአበባው እጀታ ተጠማዝዞ ነው ወደ ታች የሚያመጣው። በኢትዮጵያም የሚበቅሉት ሳቲሪየምና ፖሊስታኪያ ግን ሲያብቡም ከንፈራቸው ከላይ እንደ ሆነ ይቀራል። የቀንዱ ነገርም እንዲሁ ነው፤ በኦርኪስ ከከንፈሩ፣ በዲሳ ከላይኛው ሴፓል ይወጣል፤ ሳቲሪየም ከከንፈሩ ሁለት ያወጣል። እንግዲህ «የከንፈር ቀንድ» የሚል መለያ ለአንዱ ሥዕል ልክ፣ ለሌላው ሐሰት ይሆናል፤ «ቀንድ» ብቻ ይበቃል።

ወንዴና ሴቴ አካላት ተዋሕደው የሚቆሙበትን ክፍል እንግሊዝኛው በሕንፃ ቋንቋ ዓምድ ይለዋል። «ዓምድ» ለእኛም ከግዕዝ የመጣ፣ ማንም የሚያውቀው ቃል ስለ ሆነ አያከራክርም።

የሚያከራክረው «ሮስቴለም» ነው፤ ትንሽ ምንቃር ማለት ነው። በተግባሩ ግን ብናኙን ከሴቴው ክፍል የሚለይ መጋረጃ ነው። «መጋረጃ» የሚለው ቃል ለቫኒላ ሠራተኛ በእርግጥ ይቀርበዋል፤ በ1841 በሬዩንዮን ደሴት የ12 ዓመቱ ባሪያ ኤድሞንድ አልቢዩስ በቀጭን እንጨት ገልጦ ብናኙን በጣቱ የተጫነው ይህንኑ ክፍል ነበርና። ሆኖም ይኸው ክፍል በብዙ ኦርኪዶች ብናኙን ከነፍሳት አካል ጋር የሚያጣብቀውን ሙጫ ያዘጋጃል፤ ያን ጊዜ የሚያገናኝ እንጂ የሚጋርድ ብቻ አይደለም። «ምንቃር»ን የመረጥሁት ለዚህ ነው።