መንገድ የመረጠው ድምፅ

ናይሮቢ ውስጥ ለኮምፒዩተሩ ስፒከር የሚፈልግ ሰው እግሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ሉቱሊ ጎዳና ይመራዋል። የ1960 የኖቤል የሰላም ሽልማት በተሰጣቸው በደቡብ አፍሪካዊው አልበርት ሉቱሊ ስም የተሰየመው ጎዳና የከተማዋ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ለሳሎን የሚሸጠውን የድምፅ ዕቃ ሰዉ በአንድ ቃል «ዉፈር» ይለዋል። ዉፈር ግን በባለሙያ አፍ የአንድ ክፍል ስም ነው፤ ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ። እኛም ከአንድ የጣሊያን አምራች ስም ተነስተን የአደባባዩን ድምፅ ማጉያ በሙሉ «ሞንታርቦ» እንላለን። የእኛ ቃል አምራቹን ሲያስታውስ የናይሮቢው ግን የገዢውን ፍላጎት ይናገራል። ያ ፍላጎት የተወለደው መንገድ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይመስለኝም፤ ወደ ጠረጴዛው የመጣውም ሳይስተካከል ነው።

ሬዲዮ ናይሮቢ የገባው በ1928 ሲሆን በዋናነት ለነጭ ሰፋሪዎች ጆሮ የታሰበ ነበር፤ ለአፍሪካውያን የሚሆን ስርጭት የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ሙዚቃን የብዙኃኑ ያደረገው ከዚያ በኋላ የተስፋፋው የናይሮቢው የሪቨር ሮድ ሰፈር የሸክላ ንግድ ነው፤ ቤንጋ የተባለው የጊታር ሙዚቃ ሸክላዎች በ1970ዎቹ ከዚያ ሰፈር ወደ አገሩ ሁሉ ይሄዱ ነበር። በ1973 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀዱ። ቁጥራቸው በዛ፣ ፉክክሩም በረታ። በአንድ መስመር፣ በተቀራራቢ ዋጋ የሚሠሩ መኪኖች መንገደኛ የሚነጣጠቁት በቀለም፣ በሥዕልና በድምፅ ነበር፤ ስፒከሩ ከረዳቱ ጋር አብሮ ይጣራል ማለት ይቻላል። በ2004 ተግባራዊ የሆነው የትራንስፖርት ሚኒስትሩ የጆን ሚቹኪ ደንብ የፍጥነት መገደቢያ፣ የወንበር ቀበቶና ቢጫ መስመር አስገደደ፤ የሙዚቃውን ፉክክር ግን አላጠፋውም። ማታቱው ቤዝ ያበዛው ያለ ምክንያትም አይደለም። የሞተርና የጎማ ጩኸት አብዛኛው ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የዘፈኑን ቤዝ ይውጠዋል፤ እንዲሰማ ከተፈለገ መጨመር ግድ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል የሚውጠው ነገር የለም፤ ያው ጭማሪ ግን ከነሙሉነቱ ይቀራል።

ጉዳዩ የጣዕም ሳይሆን የኪስ ነው፣ ከቻይና የመጣውን ርካሽ ዕቃ ሰዉ ምን ያድርግ፣ የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን አምራች ካርቶኑ ላይ የሚያጎላው ገዢው የሚጠይቀውን ነው፤ የተጠየቀው ዋት ስለሆነ ዋቱ ያብጣል። «ፒኤምፒኦ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ቢበዛ ለቅጽበት ሊታሰብ የሚችል ጉልበት እንጂ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው አይደለም። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ የኬንያ መብራት 240 ቮልት፣ የመሰኪያው ፊውዝ ቢበዛ 13 አምፒር ነው፤ ሲባዛ 3,120 ዋት። ካርቶኑ 10,000 ዋት የሚል ከሆነ ዕቃው ከግድግዳው ሊስብ ከሚችለው ሦስት እጥፍ በላይ እሰጣለሁ እያለ ነው። ለጠረጴዛ ደግሞ ያን ያህል አያስፈልግም። ክፍት ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ 60 ሳንቲሜትር ላይ 1 ዋት የሚሠራውን 2.4 ሜትር ላይ ለመሥራት 16 ዋት ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ልዩነቱን ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የከተማዋ ሙዚቃ ራሱ ቤዝ ይወዳል፣ ትንሽ ስፒከር ያኮስሰዋል ይባላል። ቤንጋን ልብ ብሎ የሰማ ግን የሚያገኘው ከዚህ የተለየ ነው። የቤዝ ጊታሩ ብርቱ መሆኑ አይካድም፤ ዘፈኑን የሚመራው ግን የሉዎ ሕዝብን ባለ ስምንት ክር ንያቲቲ የሚከተለው ቀጭኑ ጊታር ነው። ንያቲቲ የእኛ የክራርና የበገና ዘመድ ነው፤ ነፍሱ የክሩ ንክኪ ላይ ነው። ያ ንክኪና የዘፋኙ ቃል የሚያርፉት በአብዛኛው ከቤዙ በላይ፣ በመካከለኛውና በቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር የተወሸቀ ዉፈር መጀመሪያ የሚሸፍነውም እሱን ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በጠባብ ክፍል ጥግ ይከማቻል፣ ግድግዳ አልፎም ጎረቤት ይደርሳል። ኬንያ በ2009 የጩኸት መቆጣጠሪያ ደንብ አውጥታለች፤ ፎቆቹ ተጠጋግተው በቆሙበት እንደ ፓይፕላይን ባለ የናይሮቢ ሰፈር ግን ከደንቡ በፊት የሚደርሰው የግድግዳው ቡጢ ነው። ሉቱሊ የሚወርድ ሰው ሻጩ ቤዙን ከፍ አድርጎ ሲያሰማው እንዲቀንስለት ይጠይቅ፤ ከዚያ ጥንዱን ስፒከር በክንዱ ርቀት፣ በጆሮው ትይዩ አስቀምጦ አንድ የቤንጋ ዘፈን ያስከፍት፣ የጊታሩን ክሮችም ለይቶ ይስማ።