ልዑል ዓለማየሁ እና እርጥቡ መስታወት

ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1868 አባቱንም እናቱንም አጣ። በዚያው ዓመት፣ በ7 ዓመቱ፣ እንግሊዝ ውስጥ ዋይት ደሴት ላይ ከጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ።

ያኔ ፎቶ የእጅ ሥራ ነበር። መስታወት ላይ ኮሎዲዮን ይፈስሳል፣ በብር ናይትሬት ይነከራል፤ ሳይደርቅ ፎቶው ተነስቶ መታጠብ አለበት። ተነሺው ደግሞ ለብዙ ሰከንዶች መነቃነቅ የለበትም።

ዛሬ ስልክ በእጃችን ይዘን፣ ወደዚህ አድካሚ ዘዴ የሚመለሱ ፎቶ አንሺዎች አሉ። ለምን? መልሱ የዓለማየሁ ፎቶ ላይ ያለ ይመስለኛል። የምናየው አንድ ቅጽበት ብቻ አይደለም፤ ወላጅ አልባው ልጅ ሳይንቀሳቀስ የታገሰው ጊዜ ጭምር ነው።

አጽሙ ዛሬም ዊንዘር ነው። በ2023 የቤተሰቡን «መልሱልን» ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም። ልጁ ግን ከዚያ መስታወት ላይ ሆኖ አሁንም ያየናል።