ስሟ የእንግሊዝ፣ ብሯ የአሜሪካ፦ የሽልንግ ታሪክ

በስፕሪንግፊልድና በአካባቢዋ የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን ሃምሳ ሳንቲምን ዛሬም «ሽልንግ» ይሏታል። ቃሉ ግን በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ ተቀርጾ አያውቅም። ስሙ የኢትዮጵያ የገንዘብ ነፃነት አጠያያቂ ከነበረበት አጭር ዘመን የተረፈ ነው።

በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሲሸነፍ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ገብቶ ሕጋዊ መገበያያ ሆነ። ሽልንጉን የሚያወጣው ቦርድ መቀመጫው ለንደን ስለነበር፣ በዚያ ገንዘብ መቀጠል ገንዘብ የማውጣትን ሥልጣን ለሌላ መተው ማለት ነበር። መንግሥት የራሱን ባንክ አቋቋመ፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱን የኢትዮጵያ ብር አወጣ። ምንዛሪው አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ነበርና የብር ግማሽ የሆነችው ሃምሳ ሳንቲም የሽልንግን ስም ወረሰች።

ችግሩ አመኔታ ነበር። በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የኖረ ገበያ ወረቀትን በቀላሉ አይቀበልም። ስለዚህ ሃምሳ ሳንቲሟ ከእውነተኛ ብር ተሠራች። አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን የብድርና ኪራይ ሕግ 5.4 ሚሊዮን አውንስ ያህል ብር ሰጠች፤ በፊላደልፊያም 30 ሚሊዮን ሳንቲሞች ተመቱ። እያንዳንዷ 7.03 ግራም ስትመዝን ከ1,000 እጅ 800ው ብር ነበር፤ ይህም 5.6 ግራም ንጹሕ ብር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ 7.8 ግራም ቢመዝንም የብሩ ድርሻ ሩብ፣ ማለትም ከ2 ግራም ያነሰ ነበር። ኢትዮጵያ በተመሳሳይ ዋጋ ሦስት እጥፍ ያህል ብር ከፈለች ማለት ነው። አመኔታ ይህን ያህል ውድ ነበር፤ የኋለኞቹ ሳንቲሞች ወደ 700 መውረዳቸውም አያስገርምም።

ስሙኒም የራሷ ትምህርት አላት። የመጀመሪያዋ የመዳብ ስሙኒ ክብና መጠኗም ከሽልንግ ጋር ተቀራራቢ ስለነበር፣ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ ያሳልፏት ጀመር። በዚህ ምክንያት ጠርዟ እንደ አበባ ተሸንሽኖ እንደገና ወጣች።

ለሰብሳቢ እነዚህ ዝርዝሮች ከዓመቱ ይበልጣሉ። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የተቀረጸው 1936 ዓ.ም. ለአሥርተ ዓመታት ሳይለወጥ ስለቆየ፣ ቀኑ ብቻውን ብርቅነትን አይመሰክርም። ከተሸነሸነችው ይልቅ ክቧ ስሙኒ ብርቅ ናት። በብዛት የተመታችው ሽልንግ ግን፣ በተለይ ከተለበሰች፣ ዋጋዋ በአብዛኛው የብሯን ገበያ ይከተላል። ለማሳመር መወልወል ሁለቱንም ያረክሳል።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ክርክሩ ሁሉ ስለ ምንዛሪ ተመን ሆኗል። የሽልንግ ታሪክ ከተመኑ በፊት ያለውን ጥያቄ ያስታውሳል፦ ገንዘቡን የሚያወጣው ማን ነው? ተቀባዩስ እንዲያምነው ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በ1937 ዓ.ም. የተሰጠው መልስ በፊላደልፊያ ተመቶ፣ በአዲስ አበባ ተመንዝሮ፣ ዛሬ ከስደተኞች ጋር ወደ ተመታበት አገር ተመልሷል።