የተሳፋሪ መርከቦች የግዴታ መድን

የተሳፋሪ መርከቦች የግዴታ መድን በባሕር ጉዞ ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት የካሳ ክፍያን አስቀድሞ የሚያረጋግጥ የሕግ ሥርዓት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1974 የጸደቀው የአቴንስ ስምምነት ሲሆን፣ መድኑን አስገዳጅ ያደረገው ግን የ2002ቱ ፕሮቶኮል ነው፤ ይህም በሥራ ላይ የዋለው በ2014 ነው።

ግዴታው ከ12 በላይ ተሳፋሪ ለመጫን የተፈቀደላቸውን መርከቦች ይመለከታል። ዝቅተኛው የመድን ሽፋን ለአንድ ተሳፋሪ በአንድ አደጋ 250,000 የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የሒሳብ መለኪያ ነው። መርከብ ሲሰጥም፣ ሲገለበጥ፣ ሲጋጭ ወይም ሲቃጠል አጓጓዡ እስከዚህ መጠን ድረስ፣ ጥፋቱ ባይረጋገጥም፣ ተጠያቂ ነው፤ ጦርነትንና ፈጽሞ ሊቋቋሙት የማይቻል የተፈጥሮ ክስተትን የመሳሰሉ ጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነፃ ያወጡታል።

የሕጉ ጉልበት ያለው በማስፈጸሚያው ላይ ነው። መርከቡ የተመዘገበበት የስምምነቱ አባል አገር የመድን የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ በመርከቡ ላይ መገኘት አለበት፤ የወደብ አገሮችም ለሚገቡና ለሚወጡ መርከቦች መድን መኖሩን የማረጋገጥ ግዴታ አለባቸው። ተጎጂው መድን ሰጪውን በቀጥታ መክሰስ ይችላል፤ መድን ሰጪውም የአጓጓዡን መክሰር መከላከያ ማድረግ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ደንቦች በሕግ ቁጥር 392/2009 ተቀብሎ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2012 መጨረሻ ጀምሮ ያስፈጽማል።