ዴድሎክ፦ ስክሪንን የሚያደርቀው የእርስ በርስ መጠባበቅ

ዴድሎክ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የኮምፒውተር ተግባራት አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁሉም ባሉበት የሚቆሙበት ችግር ነው። ኮምፒውተር አንድን የጋራ ንብረት በአንድ ጊዜ አንድ ተግባር ብቻ እንዲጠቀምበት “ቁልፍ” የሚባል ሥርዓት አለው። አንዱ ተግባር የመጀመሪያውን ቁልፍ ይዞ ሁለተኛውን ቢጠብቅ፣ ሌላው ደግሞ ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ቢጠብቅ፣ ቀድሞ የሚለቅ ስለማይኖር መጠባበቁ ማብቂያ የለውም።

ይህ ችግር ስርዓተ ክወናን ከስክሪን ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ማለትም በግራፊክስ ድራይቨር ላይ ሲከሰት ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል።

የተለመደው መከላከያ ቁልፎች ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እንዲያዙ ማድረግ ነው። በግራፊክስ ሥራ ግን መተግበሪያዎች በርካታ የማህደረ ትውስታ ክፍሎችን በፈለጉት ቅደም ተከተል ስለሚያቀርቡ ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሊኑክስ 3.11 ልዩ የቁልፍ ዓይነት ተጨመረ። በዚህ ሥርዓት ሁለት ተግባራት ሲጋጩ ቅድሚያው ቀድሞ ለጀመረው ይሰጣል፤ ዘግይቶ የጀመረው የያዛቸውን ቁልፎች ለቆ እንደገና ይሞክራል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 ሎክዴፕ የተባለ መሣሪያ በሊኑክስ ውስጥ ተካቷል፤ ይህም ዴድሎክ ገና ሳይደርስ የቁልፎችን አያያዝ ተከታትሎ ለአዘጋጆች ያስጠነቅቃል። ሆኖም የድራይቨር ኮድ ሰፊና ውስብስብ በመሆኑ ስህተቱ ፈጽሞ አልጠፋም።

ዴድሎክ በራሱ የይለፍ ቃል ወይም ፎቶ አይሰርቅም፤ የሚያስተጓጉለው አገልግሎትን ነው። ነገር ግን ልዩ ፈቃድ የሌለው ተራ መተግበሪያ ሆን ብሎ ሊቀሰቅሰው ከቻለ የደህንነት ተጋላጭነት ይሆናል። ከየካቲት 2024 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አዘጋጆች ሲቪኢ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ የተጋላጭነት መለያ ቁጥር ራሳቸው ይሰጣሉ፤ ቁጥር ከተሰጣቸው ስህተቶች መካከልም የግራፊክስ ድራይቨር ዴድሎኮች ይገኛሉ።

የአንድሮይድ ስልኮችም የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል ነው። ስልክ ወይም ኮምፒውተር የሚደርቀው ግን በዴድሎክ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትና የማህደረ ትውስታ እጥረትም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። መሣሪያው ምላሽ ካጣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ እንደገና ማስነሳት ይቻላል፤ ይሁንና ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ዳግም ማስነሳት ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ ስህተቱ ከድራይቨሩ የሚወገደው አምራቹ የሚልከውን ዝማኔ በመጫን ነው። ምንጫቸው ያልታወቀ መተግበሪያዎችን አለመጫንም አደጋውን ይቀንሳል።