ጉንጭ የበላው መድኃኒት

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ታክሲ ስንጠብቅ የሰው ፊት እናነብ ነበር። ጉንጩ የጎደጎደ፣ ክንዱ ላይ ደም ሥሩ እንደ ገመድ የተጋደመ ሰው ካለፈ ጓደኛ ጓደኛውን በክርን ነካ ያደርጋል። መናገር አያስፈልግም፤ «ያ በሽታ» ነው። በምንከራይበት ግቢ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ፊትም እንደዚያው ከስቶ ነበር። ማታ ማታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ። «ይለበልበኛል፣ በርበሬ እንደ ነሰነሱበት» ይሉ ነበር።

ንባባችን ግን ስሕተት ነበረበት። ከእነዚያ ፊቶች አንዳንዶቹን ያጎደጎዳቸው ኤች አይ ቪ ሳይሆን ከሞት ያወጣቸው ክኒን ነው።

ክኒኑ ይህን እንዴት እንዳደረገ ለመረዳት በህዋሳችን ውስጥ ካለው ከማይቶኮንድሪያ መጀመር ያስፈልጋል። ቃሉ እኛ ዘንድ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ስለ ሰው ዘር መገኛ ሲወራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሦስት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የዛሬ ሰዎችን ሁሉ የእናት ሐረግ ወደ አንዲት አፍሪካዊት ሴት የሚመልስ ጥናት አወጡና «ሔዋን» የሚለው ስም ዓለምን ዞረ። ይህ ሐረግ ሊቆጠር የቻለው ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ የሚወረስ የራሱ ዲ ኤን ኤ ስላለው ነው፤ 16,569 ፊደላትና 37 ጂኖች ያሉት ትንሽ ቀለበት። የዕለት ሥራው ደግሞ ከምንበላው ምግብና ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ለህዋሱ ጉልበት ማውጣት ነው። እንደ ምድጃ ቁጠሩት። ሲዳከም ህዋሱ ያለ ኦክስጅን ወደሚሠራው አቋራጭ ይዞራል፣ ላክቲክ አሲድም በደም ውስጥ ይከማቻል።

ሐኪሞች ይህን ምድጃ ከሕመም ጋር ያያያዙት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ስዊድናዊው ሮልፍ ሉፍት ብዙ እየበላች የምትከሳ፣ ሁልጊዜ በላብ የምትጠመቅ ሴት ታሪክ አሳተመ፤ ጥፋቱ የተገኘው ጡንቻዋ ውስጥ ባለው ማይቶኮንድሪያ ላይ ነበር። በ1988 ደግሞ ዳግላስ ዋላስና ባልደረቦቹ ወጣቶችን በድንገት የሚያሳውር አንድ የዘር በሽታ ከዚያች ቀለበት አንዲት ፊደል ስሕተት እንደሚመጣ አሳዩ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የብርቅዬ በሽታዎች ወሬ ነው፣ አንድ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ላያጋጥመው የሚችል።

ብርቅዬነቱን የሰበረው መድኃኒት ነው። ስታቩዲን፣ በክሊኒክ አጠራሩ ዲ ፎር ቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለካንሰር ተብሎ ተሠርቶ ሳይረባ ቀረ። ኤች አይ ቪ ሲመጣ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አነሡት፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ተፈቀደ። ብልሃቱ ማታለል ነው። ቫይረሱ የራሱን መልእክት ወደ ዲ ኤን ኤ ሲገለብጥ ከሚጠቀምባቸው ፊደላት አንዱን መስሎ ይገባና መስመሩን ይቆርጠዋል። ችግሩ በዚያ ማታለያ የሚታለለው ቫይረሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። የማይቶኮንድሪያን ቀለበት የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ ፖሊመሬዝ ጋማ፣ እሱም ይሸወዳል። ቀለበቶቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ይቀልጣል፤ ጉንጭ፣ ክንድ፣ መቀመጫ። እስከ እግር ጫፍ የሚደርሱ ረጃጅም ነርቮች ይጎዳሉ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ አሲዱ በደም ይሞላና ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከዚያም ሞት ይከተላል። ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ተሰምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ፊያሉሪዲን የተባለ የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ለጉበት ቫይረስ ሲሞከር ከ15 ታካሚዎች 5ቱ ሞተዋል።

ታዲያ ለምን ሰጡን? መልሱ በአንድ ቃል ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንዱ ሲፕላ ስታቩዲን ያለበትን የሦስት መድኃኒቶች ሕክምና ለአንድ ሰው በዓመት 350 ዶላር አቀረበ፤ ከዚያ በፊት ዋጋው በሺዎች ይቆጠር ነበር። ክኒኑ ርካሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ እንደ ዚዶቩዲን ደም አያሳንስም። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለታወቁባት ኢትዮጵያ ይህ ከሃያ ዓመት ገደማ የለቅሶ ድንኳን በኋላ የመጣ ነው። ከኦሎምፒያ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጡ የሚገኘው ዘውዲቱ ሆስፒታል ሕክምናውን ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነበር። መጀመሪያ ታካሚው ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ተጀመረ፣ ስታቩዲንም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ገባ። በቃሬዛ የመጡ ሰዎች በእግራቸው ሄዱ። እኔ በዚያ ዘመን የጤና ኃላፊ ብሆን ኖሮ ያንኑ ክኒን ከማዘዝ ሌላ ምን ምርጫ ይኖረኝ እንደነበር ማየት አልችልም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የላክቲክ አሲድ መለኪያ በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ስላልነበረ ምርመራው ያረፈው በታካሚው ቃል ላይ ነበር፤ የታካሚውን ቃል ደግሞ ሁሉም አልሰማውም። እንጦጦ ማርያም ጸበል ከሚጠመቁት መካከል «ክኒኑ ሰውን ያከሳል» ብለው ያቋረጡ እንዳሉ ሲወራ፣ እኛ ተምረናል ባዮቹ በአላዋቂነታቸው እናዝን ነበር። ማቋረጣቸው አደገኛ ነበር፤ ያዩት ነገር ግን ውሸት አልነበረም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ የብዙ ሰው ነፍስ ተርፏል ብዬ አምናለሁ። ስለ ጉንጩ ግን በይፋ ሲነገር አልሰማሁም። መክሳት ሞት በሚመስልበት ከተማ፣ መድኃኒቱ ሰውየው ሊደብቀው የፈለገውን ነገር ፊቱ ላይ ጻፈበት።

ሀብታሞቹ አገሮች ቀድመው ሸሹት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. መጠኑ ለሁሉም ወደ 30 ሚሊ ግራም ዝቅ እንዲል አለ፤ በ2009 ደግሞ አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ። በቦታው ቴኖፎቪር ገባ፣ ኋላም ዶሉቴግራቪር ታከለበት። ሁለት ጊዜ የሚዋጠው በቀን አንድ ክኒን ሆነ።

እትዬን አምና አገኘኋቸው። ጉንጫቸው ተመልሷል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፤ ስብ ቀስ እያለ ይመለሳል። ነርቭ ግን እንደ ስብ አይደለም። ሐምሌ ላይ ጎናቸው ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ እግራቸው ባዶውን ነው የሚያድረው፤ ጨርቅ ሲነካው አሁንም ይለበልባቸዋል።